የራሳችን ሮኬት ቢኖረን ምስጢር መሆን ያለበት የቱ ነው? ስለ መንግሥት ስለላና አደጋን ስለሚያጋልጡ ባለሙያዎች

መምህሩ ከሱሉልታ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ ሱሉልታ ውስጥ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሳይንስ ክበባችን ተማሪዎች ዘንድሮ የያዙት ሥራ የውኃ ሮኬት ነው። አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ እስከ ሲሶው ድረስ ውኃ ይሞላና አፉ በጎማ ውታፍ ይደፈናል፤ በውታፉ መካከል ባለፈችው የብስክሌት ቫልቩላ በኩል አየር በፖምፓ ይነፋል፤ የታመቀው አየር ውታፉን ሲያሸንፈው ውኃው በኃይል ወደ ታች ይፈናጠራል፣ ሃይላንዱም ወደ ላይ ይወነጨፋል። ተማሪዎቹ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በሰሌዳ ላይ ከሚያዩት ይልቅ ልብሳቸው በውኃ ርሶ ሃይላንዱ ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ ሲያልፍ ሲያዩት ይበልጥ ስለሚገባቸው፣ ክበቡን በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ።

ታዲያ ከተማሪዎቹ አንዱ የሙከራውን ቪዲዮ «የእኛ ሮኬት» ብሎ በቴሌግራም ለጠፈው። በማግሥቱ አባቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ልጃቸው ከክበቡ እንዲወጣ ጠየቁ። ሰውየው ትምህርት የሚጠሉ አይደሉም፤ በረጋ አነጋገር «መምህር፣ ስልክ የሚጠለፍበትን ዘመን አይተን ነው ያደግነው፤ ልጄ ስለ ሮኬት ሲጽፍ መገኘት የለበትም፤ ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። ተማሪዎቹ ይህን ሰምተው ክፍል ውስጥ ያነሷቸው ጥያቄዎች ግን ከውኃ ሮኬት እጅግ ያለፉ ሆኑ።

አገራችን በጠፈር ሳይንስ ከተሰማራች ሰንብታለች። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በእንጦጦ አናት ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ የመጀመሪያዋ የምድር ምልከታ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው የታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ወደ ምሕዋር ገብታለች፤ በዓመቱም ሁለተኛዋ ተከትላታለች። ሁለቱም የተነሡት በሰው አገር ሮኬት ነው። አንድ ቀን የራሳችንን ሮኬት እንሥራ ብንል፣ ሥራው ምን ያህል በምስጢር መያዝ አለበት? በሥራው ላይ የተሰማሩትን ሰዎች መንግሥት ሊከታተል የሚገባው እስከ ምን ድረስ ነው? ከውስጥ ሆኖ አደጋ ያየ፣ ለአለቆቹ ተናግሮ ሰሚ ያጣ ባለሙያ ጉዳዩን ወደ ውጭ ቢያወጣው ከሃዲ ነው ወይስ ባለውለታ? በተለይ የመጨረሻውን ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች እንዴት እንደምመልስላቸው ቸግሮኛልና አስተያየታችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጋሻው ዘቡራዩ፦

መምህር፣ ጥያቄዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። በወታደራዊ መገናኛ ውስጥ ረዥም ጊዜ ሠርቼ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ምናልባት ብዙዎች የማይወዱትን ጎን ይዤ እናገራለሁ።

ሮኬትና ሚሳኤል አንድ ማሽን ናቸው። ነዳጁ፣ ሞተሩ፣ አቅጣጫ ጠባቂው መሣሪያ፣ በየደረጃው የሚላቀቀው አካል ሁሉ ያው ነው፤ የሚለያቸው አናቱ ላይ የተጫነው ነገርና የሚሄድበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1957 የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ወደ ምሕዋር ያደረሰው የሶቪየት ኅብረቱ አር-7 የተሠራው አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል እንዲሆን ነበር፤ አሜሪካኖች ጠፈርተኛውን ጆን ግሌንን ያመጠቁበት አትላስም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሰባት የኢንዱስትሪ አገሮች የሚሳኤል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሥርዓት የተባለውን ስምምነት ያቋቋሙት በዚህ ምክንያት ነው። 500 ኪሎ ግራም ጭነት ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ማድረስ የሚችል ሮኬት፣ ባለቤቱ ለሳይንስ ነው ቢልም ባይልም፣ በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ኢትዮጵያም ሮኬት ልሥራ ባለች ቀን ጎረቤትም ሆነ ሩቅ ያለ ኃያል መንግሥት ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም።

የአንድ ሰው እጅ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችልም እናስብ። ፓኪስታናዊው የኑክሌር ባለሙያ አብዱል ቃዲር ካን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ይሠራ ከነበረበት ቦታ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ንድፎችን ይዞ ወደ ፓኪስታን ሄደ፤ ቴክኖሎጂው በኋላ ወደ ሊቢያ፣ ወደ ኢራንና ወደ ሰሜን ኮሪያ ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ራሱ በቴሌቪዥን ቀርቦ ኃላፊነቱን ወሰደ። ይህን የሚያውቅ መንግሥት ንድፍ በእጃቸው ያለ ሠራተኞቹን አይከታተል ማለት በር ክፍት አድርጎ መተኛት ነው።

ስለ አጋላጮች ያለኝ አቋም ደግሞ ይህ ነው። በአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኤንኤስኤ) ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣቸው ሰነዶች የአሜሪካ መንግሥት በራሱ ዜጎች ላይ የሚያካሂደውን ክትትል ብቻ የሚመለከቱ አልነበሩም፤ በውጭ አገሮች ላይ የሚካሄደው፣ አቅም ያለው መንግሥት ሁሉ የሚሠራው የስለላ ሥራም አብሮ ወጥቷል። መጨረሻውም ሞስኮ ሆነ። ባለሙያ ችግር ካየ ለአለቃው ይንገር፤ ካልሰማው የበላዩ ጋ ይሂድ፤ እሱም ካልሰማው ሥራውን ይልቀቅ። ምስጢርን ለጋዜጠኛ አሳልፎ መስጠትን ግን ለተማሪዎች አርአያ አድርጎ ማቅረብ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ማኅሌት ከዱከም፦

ጋሽ ጋሻው፣ «ለአለቃው ይንገር» ባሉት ላይ ልቁም፤ በሮኬት ታሪክ ውስጥ ሁላችንም ከምናውቃቸው አደጋዎች አንዱ የደረሰው ለአለቆቻቸው የተናገሩ ሰዎች እያሉ ነውና።

ሮጀር ቦዠሌ ሞርተን ታያኮል በሚባል ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ነበር። ኩባንያው ለአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሁለቱን የጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች ያመርት ነበር። እነዚህ ሮኬቶች ወጥ አልነበሩም፤ ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው መጋጠሚያዎቹ በሁለት በሁለት የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮቻችን ኦሪንግ በሚሉት፣ ይታሸጉ ነበር። ሞተሩ ሲቀጣጠል ከፍተኛ ግፊት ያለው ትኩስ ጋዝ ወደ መጋጠሚያው ይገፋል፤ ጎማው በቅጽበት ተለጥጦ ክፍተቱን መድፈን አለበት። ጎማ ሲበርደው ይደርቃል፣ ቶሎም አይለጠጥም። ቦዠሌ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1985 በብርድ ከተደረገ በረራ በኋላ ተመልሶ የመጣውን ሮኬት ሲመረምር በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለው ቅባት በጥቀርሻ ጠቁሮ አገኘው። ጋዙ የመጀመሪያውን ቀለበት አልፎ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 31 ቀን ለአለቆቹ በጽሑፍ አስጠነቀቀ፤ ጉዳዩ በአስቸኳይ ካልተፈታ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ታላቅ አደጋ እንደሚደርስ በግልጽ አሰፈረ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ ቻሌንጀር የተባለው መንኮራኩር ሊነሣ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ መሐንዲሶቹ በስልክ በተደረገ ስብሰባ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ መንኮራኩሩ መነሣት የለበትም ብለው ተከራከሩ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ኃላፊዎች ሐሳቡን አልወደዱትም። የኩባንያው ሥራ አስኪያጆች ለግማሽ ሰዓት ያህል ከስልኩ ወጥተው ብቻቸውን ተመካከሩ፤ አንደኛው ከፍተኛ ኃላፊ የምሕንድስና ክፍሉን አለቃ እንደ መሐንዲስ ማሰብህን ትተህ እንደ ሥራ አስኪያጅ አስብ አለው፤ ከዚያም ተመልሰው ይነሣ አሉ። በማስወንጨፊያው ቦታ የኩባንያው ተወካይ የነበረው አለን ማክዶናልድ አልፈርምም አለ፤ ሌላ ሰው ፈረመ። በማግሥቱ ጧት ሙቀቱ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። መንኮራኩሩ በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነ፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ከአደጋው በኋላ በተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ዝግ ስብሰባ ላይ የናሳ ሰው የዚያን ማታ ክርክር አድበስብሶ ሲያልፈው፣ ማክዶናልድ ሳይጠራ ከኋላ ተነሥቶ መሐንዲሶቹ እንዳይነሣ መክረው እንደነበር ተናገረ። ቦዠሌም ሰነዶቹን አቀረበ። ምላሹ ምን ሆነ? ማክዶናልድ ከኃላፊነቱ ዝቅ ተደረገ፤ ወደ ቦታው የተመለሰው የምክር ቤት አባላት ኩባንያውን ስለተጫኑት ነው፤ የመጋጠሚያውን አዲስ ንድፍም ያስመራው እሱ ሆነ። ቦዠሌ ግን በባልደረቦቹ ተገልሎ ሥራውን ተወ። እርስዎ ያሉት ደረጃ ሁሉ ተፈጽሟል፤ ለአለቃ ተነግሯል፣ ለበላይ ተነግሯል፣ አልፈርምም ተብሏል። ሰዎቹ ግን ሞቱ። እውነቱ የወጣው ከተቋሙ ውጭ የሆነ፣ መጠየቅ የሚችል አካል ስለነበረ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ አካል ባልነበረበት አገር የሆነውንም ላንሣ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1960 በሶቪየት ኅብረት የባይኮኑር ማስወንጨፊያ ጣቢያ አር-16 የተባለ ሚሳኤል ነዳጅ እንደተሞላ፣ ሰዎች በዙሪያው እየሠሩ ሳለ፣ የሁለተኛው ደረጃ ሞተር ሳይታሰብ ተቀጣጠለ። አዛዡ ማርሻል ኔደሊን መርሐ ግብሩን ለማፋጠን ከሚሳኤሉ አጠገብ ወንበር አስቀምጦ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ከብዙዎች ጋር ተቃጥሎ ሞተ። ለሕዝቡ የተነገረው ማርሻሉ በአውሮፕላን አደጋ እንደሞተ ነው፤ እውነቱ በአገሪቱ በይፋ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በዚያ ቀን ባል ወይም ልጅ ያጣች ሴት ሐዘኗን እንኳ በትክክለኛ ስሙ መጥራት አልተፈቀደላትም።

እኔ የምሠራው የውኃ ቱቦ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር ነው። ከየምርቱ የተቆረጠ ናሙና ሁለቱ ጫፎቹ ታሽገው ውኃ ይሞላና ግፊቱ ቀስ በቀስ ይጨመርበታል፤ የእጅ ስልክ ሰዓቴን ከፍቼ መለኪያውን እያየሁ እቆማለሁ፤ መርፌው ከወረደ ምርቱ በሙሉ ተመልሶ ይፈጫል። የሌሊት ፈረቃ አለቃ መኪና እየጠበቀ ነው ብሎ ሲጮህብኝ ፊርማዬን የምይዘው፣ ፊርማዬ ከእሱ ሥልጣን ውጭ እንደሆነ በጽሑፍ የተቀመጠ ደንብ ስላለ ነው፤ ደንቡ ባይኖር ይህን ያህል ልብ እንደሚኖረኝ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ለቱቦ ይህ ካስፈለገ ለሮኬት እንዴት አያስፈልግ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ትንሣኤ ከኮተቤ፦

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ የማጠናው የሳተላይት ምሕዋርን ነው። የጋሽ ጋሻውን የምስጢር ክርክር ለሁለት ከፍዬ ልየው።

ንድፍ ሊደበቅ ይችላል፤ ማስወንጨፍ ግን አይደበቅም። የሮኬት እሳትን ከጠፈር የሚለዩ የኢንፍራሬድ ሳተላይቶች በአሜሪካ እጅ ከገቡ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አውሮፕላኖች እንዲርቁም የአየር ክልሉ አስቀድሞ መዘጋትና ለአብራሪዎች መታወጅ አለበት። በእኛ ላይ ደግሞ መልክዐ ምድሩ ይጨመራል። ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፍ ሮኬት በመሬት መሽከርከር ይታገዛል፤ አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ሮኬቱ ገና ሳይነሣ በሰከንድ ወደ 460 ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት አለው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ባሕር የለንም። ነዳጁን ጨርሶ የሚላቀቀው የታችኛው አካል የሚወድቀው በራሳችን ገበሬ ማሳ ወይም በጎረቤት ምድር ላይ ነው። ጣሊያኖች በኬንያ ጠረፍ፣ ከማሊንዲ አጠገብ፣ የሳን ማርኮን መድረክ የተከሉት ከፊቱ የሕንድ ውቅያኖስ ስለተዘረጋ ነው፤ ኡሁሩ የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970 የተነሣችው ከዚያ ነው። እኛ ጎረቤቶቻችንን ሳናስታውቅና ሳናስማማ ወደ ምሥራቅ ማስወንጨፍ አንችልም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ምስጢር ይሁን ብንል፣ በተግባር ምስጢሩ የሚጠበቀው ከውጭ መንግሥታት ሳይሆን ከራሳችን ዜጎች ነው።

ሁለተኛው ነገር የሚያስጨንቀኝ ነው፤ ባለሙያን መጠርጠር ራሱ ፕሮግራም ያፈርሳል። ቺያን ሹሰን በካሊፎርኒያ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪን ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የአሜሪካ ጦር የጀርመንን የሮኬት ባለሙያዎች እንዲመረምር ልኮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ኮሚኒስት ነህ ተብሎ የምስጢር ፈቃዱን ተነጠቀ፤ አምስት ዓመት ያህል በክትትል ሥር ቆይቶ በ1955 ወደ ቻይና ተላከ። እዚያም የአገሪቱን የሚሳኤልና የጠፈር ፕሮግራም መሠረተ። መምህር የጠቀሷት ሳተላይታችን የተነሣችበት የሎንግ ማርች የሮኬት ቤተሰብ የበቀለው ከዚያ ፕሮግራም ነው። አሜሪካ በገዛ ጥርጣሬዋ ያጣችውን ሰው ፍሬ እኛ በእንጦጦ ጣቢያ ተቀበልነው።

የሕንዱ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1963 በቱምባ የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጀመሪያውን ሮኬት ስትተኩስ ቢሮዋ ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ዕቃ የሚጓጓዘውም በብስክሌት ጭምር ነበር። ናምቢ ናራያናን በሕንድ የጠፈር ምርምር ድርጅት የፈሳሽ ነዳጅ ሞተር ባለሙያና የክራዮጀኒክ ሞተር ሥራ ኃላፊ ነበሩ። ይህ ሞተር ሃይድሮጅንን በ253 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ የሚጠቀም፣ እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1994 የሮኬት ምስጢር ለፓኪስታን ሸጠዋል ተብለው በኬራላ ፖሊስ ተያዙ፤ የአገሪቱ የስለላ መሥሪያ ቤት ሰዎችም መረመሯቸው። የማዕከላዊው የምርመራ ቢሮ በ1996 ክሱ መሠረት የለውም አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 መያዛቸው አላስፈላጊ እንደነበር ወስኖ 5 ሚሊዮን ሩፒ ካሣ አዘዘላቸው። በራሷ ክራዮጀኒክ ሞተር የተነሣው የሕንድ ሮኬት የተሳካው በጃንዋሪ 2014 ነው። ለመዘግየቱ አሜሪካ ከሩሲያ ጋር የተደረገውን የቴክኖሎጂ ስምምነት ማስተጓጎሏም ትልቅ ምክንያት ነው፤ ሆኖም የሥራው መሪ በሐሰት የስለላ ክስ ሲዋከብ የተማሪዎቹና የባልደረቦቹ እጅ እንዴት ሊፈጥን ይችላል?

መምህሩ ከሱሉልታ፦

ስለ ምላሻችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ማኅሌት የጻፍሽውን ለክፍሉ አነበብሁት፤ አንዲት ተማሪ «አልፈርምም ያለው ሰው በእኛ አገር ቢሆን የትኛው ሕግ ነው የሚጠብቀው?» ብላ ጠየቀች። ሕግ የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳን።

ጠበቃው ከሰበታ፦

መምህር፣ የተማሪዋ ጥያቄ ከብዙ ጠበቆች ጥያቄ የሚበልጥ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ልጁ አባት ልናገር። የእኚህ ሰው ፍርሃት ከሜዳ የበቀለ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ2014ና በ2017 ባወጣቸው ጥናቶች ፊንፊሸር፣ ሃኪንግ ቲምና ሳይበርቢት የተባሉ ኩባንያዎች የስለላ ሶፍትዌሮች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በተያያዘ መልኩ በጋዜጠኞችና በተቃዋሚዎች ላይ መዋላቸውን አመልክቷል። በአሜሪካ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሬ ተሰልሏል ብሎ ኢትዮጵያን ከሶ ነበር፤ የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብትን ጠቅሶ ክሱን ውድቅ አደረገው። ይህ ሁሉ የሆነው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የደብዳቤ፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት አይደፈርም ብሎ ደንግጎ፣ ገደብ የሚጣለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ብቻ እንዲሆን ወስኖ ሳለ ነው።

ወደ አጋላጩ እንመለስ። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ጥሩ አዋጅ ነው፤ ማንነትን ከመደበቅ አንስቶ የመኖሪያ ቦታ እስከ መለወጥ የሚደርስ ጥበቃ ይሰጣል። ነገር ግን የሚሠራው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ለሚጠቁም ሰው ነው። የደረቀ ጎማ ወንጀል አይደለም። ጊዜው ሳይደርስ ይነሣ ማለትም ወንጀል አይደለም። ማክዶናልድ ኢትዮጵያዊ ቢሆንና ከሥራው ዝቅ ቢደረግ፣ ይህ አዋጅ አይደርስለትም ነበር፤ የሚቀረው በሠራተኛ ሕግ መከራከር ነው፤ ፕሮግራሙ በወታደራዊ ተቋም ሥር ከሆነ ደግሞ ያም ይጠብበታል።

ጋሽ ጋሻው፣ ስኖውደን ለበላይ አካል መንገር ነበረበት ያሉትን በተመለከተ፣ ከእሱ በፊት በዚያው መሥሪያ ቤት በትክክል ይህን ያደረገ ሰው ነበር። ቶማስ ድሬክ ይባላል። ለአለቆቹ፣ ለመከላከያው ዋና ተቆጣጣሪና ለምክር ቤት የስለላ ኮሚቴዎች አቤት አለ፤ በኋላም ጋዜጠኛ አነጋገረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቤቱ ተፈተሸ፣ በ2010 በአሥር ከባድ ክሶች ተከሰሰ፤ በ2011 ዓቃቤ ሕግ እነዚያን ክሶች ትቶ በአንድ ቀላል ጥፋት አበቃ፤ ያለ እሥራትም ተፈታ። ሰውየው ግን ሥራውንና የጡረታ ተስፋውን አጥቷል። ስኖውደን የድሬክን ዕጣ አይቶ ነበር። ደግሞም ያወጣው ነገር ፍሬ አልባ አልነበረም፤ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2015 የስልክ መዝገቦችን በጅምላ መሰብሰብ ሕጉ የማይፈቅደው ነው ሲል ወሰነ፤ ገለልተኛው የግላዊነት ቦርድ ከዚያ በፊት በ2014 ፕሮግራሙ በአሜሪካ ላይ በተቃጣ አደጋ ምርመራ ውጤቱን የለወጠበት አንድም አጋጣሚ አላገኘሁም ብሎ ነበር። ባያወጣው ኖሮ እነዚህ ውሳኔዎች አይኖሩም።

ጋሻው ዘቡራዩ፦

ሁሉንም በትዕግሥት አንብቤአለሁ። ልጄ ማኅሌት ስለ ቻሌንጀር የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል፤ አደጋን መናገርና ምስጢርን መሸጥ አንድ እንዳልሆኑ እቀበላለሁ፤ የመጋጠሚያ ጎማ ይደርቃል ብሎ መናገር ለጠላት የሚሰጠው ጥቅም የለም። ስለ ናራያናንም እንዲሁ፤ ሐሰተኛ የስለላ ክስ ለስለላ መሥሪያ ቤቱም ውርደት ነው፤ እውነተኛውን ሰላይ ከመፈለግ ያዘናጋዋል።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ጠበቃችን የስኖውደንን ውጤት እንጂ ዘዴውን አልመዘኑም። ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ያለው የስልክ መዝገቡን ነው፤ ከዚያ ውጭ ያሉትን ሰነዶች በሙሉ ማውጣቱን ያጸደቀ ፍርድ ቤት የለም። አገራችን ከውስጥም ከውጭም ያለባትን ፈተና እያየን፣ የነዳጁን ቅንብርና የአቅጣጫ ጠባቂውን ሶፍትዌር የያዘ ሰው በራሱ ሚዛን ብቻ «ይህ ለሕዝብ ይውጣ» ብሎ እንዲወስን መፍቀድ አንችልም። ማኅሌት ያለችው ከተቋሙ ውጭ የሆነ ሰሚ አካል ይኑር፤ አባላቱ ግን ምስጢር ለመያዝ የተፈቀደላቸውና ቃለ መሐላ የፈጸሙ ይሁኑ። እንዲህ ያለ አካል ካለ፣ እሱን ዘልሎ ወደ ጋዜጣ የሚሄድን ሰው ሕግ ቢጠይቀው ተገቢ ነው እላለሁ። አካሉ ከሌለ ግን ጥፋቱ በመጀመሪያ የመንግሥት ነው፤ እስከዚህ ድረስ እሄዳለሁ።

ማኅሌት ከዱከም፦

ጋሽ ጋሻው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ላይ አንድ ብቻ ልጨምር። ሰሚው አካል ከመስማት ያለፈ ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ማስወንጨፉን ማስቆም የሚችል። ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 2003 በአልካንታራ ጣቢያ ሮኬት መድረኩ ላይ እንዳለ ተቀጣጥሎ 21 ባለሙያዎች ሞተዋል፤ የምርመራው ሪፖርት በቀጣዩ ዓመት የገንዘብ እጥረትንና የደኅንነት ጥንቃቄ መጓደልን ጠቅሷል። ብራዚል ከእኛ እጅግ የበለጠ ኢንዱስትሪ ያላት አገር ናት። በድህነት ላይ ጥድፊያ ሲጨመር፣ ማስቆም የማይችል ሰሚ የሚያተርፈው ከአደጋው በኋላ የሚነበብ ሰነድ ብቻ ነው።

ጠበቃው ከሰበታ፦

ለሁለታችሁም የሚሆን መነሻ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ። አንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አካል አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጣል፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁም ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል። የጎደለው ዝርዝር ሕግ ነው። ጋሽ ጋሻው ያሉት ቃለ መሐላ የፈጸመ ዝግ ኮሚቴ በዚህ ሥልጣን ሊቋቋም ይችላል፤ ማኅሌት የጠየቀችው የማስቆም ሥልጣን ግን በኮሚቴው እጅ ቢሆን ምክር ቤቱን የአስፈጻሚው ሥራ ተካፋይ ያደርገዋል። ስለዚህ እኔ የማስቆሙን ፊርማ ለፕሮግራሙ በጀትም ሆነ መርሐ ግብር ተጠሪ ላልሆነ የደኅንነት መሐንዲስ መስጠትን፣ መሐንዲሱ ከሥራ ሊነሣ የሚችለውም በኮሚቴው ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ማድረግን እመርጣለሁ። የ699/2003ን ጥበቃ ከወንጀል አልፎ በሕይወት ላይ ለሚደርስ የቴክኒክ አደጋ ማስፋት ደግሞ የአንድ አንቀጽ ማሻሻያ ነው፤ ለዚህ ሮኬት እስክንሠራ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ ግድቦቻችን፣ ሕንፃዎቻችንና አውሮፕላኖቻችን ዛሬም መሐንዲስ ይፈርምባቸዋል።